ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የተሳቀው ሳቅ

ሲስተር ፉአቲኖን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ የሚጀምረው ከድምጿ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ «ማነው ተረኛ?» ስትል ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ «አቤት» ይላል። ረጅም ናት፣ ደልደል ያለች ናት፤ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ ሲሚንቶውን ጧ ጧ ስለሚያደርገው ሕፃናቱ ገና ሳያዩዋት ማልቀስ ይጀምራሉ። ዕድሜዋ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ይህን ግን ከኤሴታ ሰማን ብላችሁ እንዳትነግሯት። ኤሴታ እኔ ነኝ። ከእሷ ጋር በአንድ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰዎች ስለ ነርስ ሲያወሩ «መልአክ ናት» ማለት ይቀናቸዋል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መልአክ አይደክመውም፣ እግሩ አያብጥም፣ በሐኪም ላይ አይጮኽም። ፉአቲኖ ይደክማታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ትጮኻለች፤ እኔ የማደንቃትም ከነዚሁ ጋር ነው።

ኩፍኙ ደሴታችን ሳቫይ ላይ የገባው ዝናቡና ሙቀቱ አንድ ላይ በሚመጡበት ወራት ነበር። መጀመሪያ አንድ ሕፃን መጣ፣ ቀጥሎ ታናሹ፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ። አልጋ ስላልበቃን ሕፃናቱን እግርና ራስ እያደረግን አስተኛናቸው፤ የቀሩትን በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀበልን። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የሰንበት ትምህርት ቀረ፣ ገበያው ጭር አለ። ኦክስጅን የሚያመጣው መርከብ መጣ አልመጣ እያልን በየተራ ወደ መስኮቱ እንመላለሳለን። ሕፃን ሲሞት ነርስ ታጥበዋለች፣ ጠቅልላ ለአባቱ ትሰጠዋለች፣ ወዲያው ተመልሳ ያንኑ አልጋ ትወለውላለች። በር ላይ ሌላ ሕፃን ይጠብቃታላ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ራሱን ችሎ ለመቆም የማያደርገው ነገር የለም። ዋና ነርሳችን ሲኒቫ አንሶላ ታጥፋለች። የታጠፈውን ፈትታ እንደገና ታጥፈዋለች፤ «ተይው እንጂ፣ ታጥፏል» ብትሏት አትሰማም። ከነርሶች ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣችው ሉፔ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ያውም አንዱን ስንኝ ብቻ፣ ሌላውን አታውቀውም መሰለኝ። እኔ እጣላለሁ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር፣ ከአምቡላንስ ሹፌሩ ጋር፣ ከባሌ ጋር፣ አንዴ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ከሚዞረው አሳማ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ፉአቲኖ ግን ታስቃለች።

እኛ ዘንድ ፋሌ አይቱ የሚባል ጨዋታ አለ። ሰው በተሰበሰበበት ቀልደኛው ብድግ ይልና ሹሙን፣ ፓስተሩን፣ የጎረቤቱን ሚስት እየመሰለ ይጫወታል። የተጫወቱበት ሰው አይቆጣም፤ ሹም ቢሆንም ተቀምጦ ይስቃል፤ ካልሳቀ ይብስበታል። የፉአቲኖ አባት በዚህ ጨዋታ የታወቀ ሰው ነበር፤ እሷም ከእሱ ወርሳለች። በዚያ በኩፍኙ ጊዜ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ተረኞች ሲቀያየሩ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ፣ ሽቦ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች መሀል ትቆምና የዋለችበትን ቀን ትጫወተዋለች። የምትወጣው ነርስ ለመሳቅ ቆም ትላለች፤ የምትገባዋም ለመሳቅ ቀደም ብላ ትመጣለች።

አንድ ቀን ሲኒቫን መስላ፣ አንሶላ ስታጥፍ ቆይታ በስተመጨረሻ ሐኪሙን አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ስትከተው አሳየችን። ሐኪሙ ከኒውዚላንድ ሊረዳን የመጣ አንገተ ረጅም ሰው ነው፤ በቋንቋችን «ታሎፋ» ብሎ ሰላም ሲለን አፉ ውስጥ ትኩስ ታሮ፣ ያንን ጎደሬ የሚመስል ሥር፣ የያዘ ይመስላል። ፉአቲኖ ትኩሱን ታሮ አፏ ውስጥ እያገላበጠች የታማሚ ቤተሰብ ስታነጋግር ሐኪሙ ራሱ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል፤ ሲስቅ ግንባሩን ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጋር አጋጨው። እኔንም ከአሳማው ጋር አጣልታኛለች። አሳማውን ሆና ስትመልስልኝ ከእኔ የተሻለ ነገር ተናግራለች። ጨዋታው ሲያልቅ «በሉ፣ ፊታችሁን ጥረጉና ግቡ» ትላለች፤ እንገባለን። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እኔ በበኩሌ ነጭ ልብሴን አውልቄ ባሕር እጥለው ነበር። ይህን ስል አላጋነንኩም።

እሷስ የራሷን ሐዘን የት ነበር የምታደርገው? አንድ ነገር ብቻ አይቻለሁ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከመንገዱ ወርዳ ከነልብሷ ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። እስከ አንገቷ ትገባና ፊቷን ወደ ውጪው ውቅያኖስ አዙራ ትቆማለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት «ኩፍኙን ለዓሣ እያደልኩ ነው» አለችኝ። ቀርቤ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

ላጊ የምትባለው ሕፃን የመጣችው ከቫይሎሎ መንደር ነው። ቆማ መሄድ የጀመረች፣ ጉንጯ የተነፋ፣ ዓይኗ ሰው የሚመረምር ልጅ ነበረች። እናቷ ሎሳም በዚያው ቀን በኩፍኝ ተይዛ መጣችና ከግቢው ሌላ ጫፍ፣ ከአዋቂዎች ክፍል ተኛች። አባትየው ታቪታ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ሲሮጥ ይውላል። ሎሳ ራሷን ቀና ማድረግ አትችልም ነበርና ልጇን ዳግመኛ አላየቻትም።

እኛ ግን አየናት። ለዓይን ደህንነት በአፍ የሚሰጠውን የቫይታሚን ጠብታ ስንሰጣት አፏን በጨዋ ልጅ ወግ ትከፍታለች፣ ትይዘዋለች፣ አትውጠውም። ሐኪሙ ጎንበስ እስኪል ትጠብቃለች። ከዚያ ያንን ቢጫ ዘይት እንዳለ መነጽሩ ላይ ትለቀዋለች፤ መነጽሩን ነጥቃም ትልሰዋለች። አንዴ አይደለም፣ በመጣ ቁጥር። በአፍንጫዋ ያደረግንላትን የኦክስጅን ቱቦ ነቅላ ደግሞ፣ ከደረጃ ወጥታ ስታለከልክ ወደነበረችው ወደ ፉአቲኖ አፍንጫ ዘረጋችው። «አየሽ፣» አለችኝ ፉአቲኖ፣ «ሕመምተኛዋ ማን እንደሆነች ከሐኪሙ ቀድማ አወቀች።» ልጅ አይመረጥም፤ የዚያን ሰሞን ግን መርጠናል። ሁላችንም ወደ ክፍሉ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው የላጊን አልጋ ነበር።

ሕመሙ ወደ ሳንባዋ ወረደ። አንድ ጠዋት ፉአቲኖ ደረት ላይ እንደተኛች አለፈች። ታቪታ ከሚስቱ አልጋ ተጠርቶ ሲመጣ አልደረሰባትም። ተቀብሏት ወጣ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ጨዋታ አልጠበቀም። ሉፔ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ስሟ የተጻፈበትን ባጅ ከደረቷ ነቀለች።

«ነገ እንዳትጠብቁኝ፣» አለች። «እኔ አልችልም። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ሱቅ ውስጥ እሸጣለሁ።»

«ሉፔ፣» አለች ሲኒቫ።

«አትለምኑኝ፣ እትዬ ሲኒቫ። እጄ ላይ ስንቱን ልጠቅልል?»

ሲኒቫ አንሶላ ማጠፍ ጀመረች። እኔም ለመጣላት እንኳን ሰው አላገኘሁም። ያን ጊዜ ፉአቲኖ ከሽቦው ላይ አንድ አንሶላ ስባ በነጭ ልብሷ ላይ እንደ ሕፃን ጨርቅ ጠቀለለችው። ሉፔ ፊት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ጉንጯን ነፋች። አንድ በአንድ መረመረችን።

ላጊ ነበረች። ያ ሁሉ ሥጋ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፊታችን የተቀመጠችው ላጊ ነበረች። አፏን ከፈተች፣ ጠብታውን ያዘች፣ እኔን ሐኪም አድርጋ ጎንበስ እስክል ጠበቀች፣ ለቀቀችብኝ። መነጽሬን ከፊቴ ወስዳ ላሰችው። ሉፔን ትክ ብላ አይታት፣ አዝናላት፣ ቱቦውን ከራሷ አፍንጫ ነቅላ ወደ ሉፔ አፍንጫ ዘረጋች። ሉፔ መጀመሪያ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ከእጇ ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ልቅሶ መሰለን፤ ሳቅ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሲኒቫ ግድግዳ ተደገፈች። «ላጊ፣ ኧረ ላጊ፣ አንቺ ጉደኛ!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

አንሶላው ተገለጠና ታቪታ መሀላችን ቆመ። እናቱ ለልጅቱ የሰፋችላትን ትንሽ ብርድ ልብስ ሊወስድ ነበር የመጣው፤ ልጅቱን ሊቀብርበት።

«የልጄን ስም ሰማሁ፣» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ስትስቁም ሰማሁ።»

ፉአቲኖ ከነአንሶላው መሬት ላይ ነበረች። «ታቪታ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ፣» አለች።

«ገና አልቀበርኳትም እኮ፣ ሲስተር።»

ሉፔ ብርድ ልብሱን ፈልጋ አመጣችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሥርዓቱን አልረሳም። እሱ ከሄደ በኋላ ፉአቲኖ አንሶላውን ከላይዋ ፈትታ መልሳ ሽቦው ላይ አሰጣችው። 

በማግስቱ የክትባት ቡድናችን ቫይሎሎ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ የሌላቸው የቤቶቹ ሁሉ መጋረጃ ወርዷል፤ አትግቡ ማለት ነው። የመንደሩ ሹም መንገድ ላይ ጠብቆ «በሙት የሚስቅ ሰው እጅ ልጆቻችንን አይነካም» አላቸው። ቫይሎሎ ደግሞ ልጅ የሞላበት መንደር ነው፤ ብዙዎቹ ያልተከተቡ ናቸው፤ በሽታውም ገብቶበታል። መጋረጃው ወርዶ ከቀረ ቀጣዮቹን ጠቅልለን የምንሰጠው እኛው እንደሆንን ሁላችንም አወቅን።

ሲኒቫ ሰበሰበችን። «እኔ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፣» አለች። «ስለ ሐኪሙ ነበር የሳቅነው እላለሁ። እሱም አይከፋውም። ስሟን የጠራነው እያለቀስን ነው እላለሁ።»

«ውሸት ነዋ፣» አለች ፉአቲኖ።

«ውሸት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ልጆቹ ይከተባሉ።»

«ሲኒቫ፣ እኔ ያቺን ልጅ ነው የተጫወትኳት። አባቷ ጆሮ አለው። ዛሬ ዋሽተን ብንከትብ ነገ ማን ያምነናል?»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት እኔ።

«ቱይሎማ ጋ እሄዳለሁ፣» አለች።

ቱይሎማ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የቤተሰባቸው ሹምም እሱ ነው። ስሙን ስትጠራ ሁላችንም ገባን። ከባድ በደል የበደለ ቤተሰብ ጎህ ሳይቀድ የተበዳዩ ደጅ ይሄዳል፤ ሹሙ የክብር ምንጣፍ ራሱ ላይ ጥሎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ኢፎጋ ይባላል። ባለቤቶቹ ወጥተው ምንጣፉን ካነሱት ይቅር ብለዋል። ካላነሱት እዚያው ነህ፤ ፀሐዩም፣ ዝናቡም፣ ከፈለጉም ድንጋዩ ያንተ ነው።

ቱይሎማ ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ሲያክ ቆየ። «እትዬ፣ ደግ አላደረግሽም፣» አላት። «እኔ እቀመጣለሁ፣ ሥርዓቱ ነው። አንቺ ቤት ቆዪ። ሐዘንተኛ ቤት ፊትሽን ባያይ ይሻላል።»

«አንተ አልሳቅክም፣» አለችው። «እኔ ነኝ የምቀመጠው። ከፈለግህ አብረኸኝ ተቀመጥ፣ ምንጣፉ ሰፊ ነው።»

ሌሊቱን ተረኛ የነበርነው ከሥራ ወጥተን እንቅልፍ ሳንቀምስ አብረናት ሄድን። ሉፔም መጣች። «ስንብቴ ነው፣» አለች፣ «ይህቺን አድርጌ እወጣለሁ።» ሲኒቫ መጨረሻ ላይ የክትባቱን ቀዝቃዛ ሣጥን ይዛ መጣችና መኪናው ውስጥ ጨርቅ ሸፍና አስቀመጠችው። ገና ምንጣፉ ሳይነሳ መርፌ ይዞ መምጣት ነውር ነው ብዬ ልጣላት ስል ዓይኗን አይቼ ተውኩት። ሲኒቫ እንዲህ ናት።

ታቪታ ቤት ስንደርስ ገና አልነጋም። የላጊ መቃብር እኛ እንደምናደርገው ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ነው፤ ነጭ አሸዋና አበባ ለብሷል። ፉአቲኖና ቱይሎማ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ምንጣፉን ተከናነቡ። እኛ ነጭ ልብሳችንን እንደለበስን ከኋላቸው መሬት ላይ ሆንን።

ነጋ። ታቪታ ወጣ። በላያችን አይቶ አለፈና መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ታሮ ማሳው ሄደ። እኛን ትቶ ወደ ሥራው። ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረውም። የታቪታ አጎት፣ የዚያ ቤት ሹም፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ጥርስ የሌላቸው አንዲት አሮጊት ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀረብ አሉ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ። «ሳቁ እንጂ። እዚህ ሲሆን ቀረ?»

ሉፔ አጠገቤ ማልቀስ ጀመረች። ፀሐዩ ወጣ፣ ከረረ። ጠጠሩ ጉልበቴን በላው። ከምንጣፉ ሥር የቱይሎማ ድምፅ በቀስታ ተሰማኝ።

«እትዬ፣ እግሬ ሞቷል።»

«አይዞህ፣ ነርስ አብራህ አለች።»

«ተይ፣ እንዳታስቂኝ።»

ጀርባዋን በጣቴ ወጋኋት።  ከዚያ በኋላ ያየሁት ምንጣፉ ከላይዋ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ እየሳቀች እንዳልሆነ ከትከሻዋ አወቅኩ።

እኩለ ቀን እየቀረበ ሲሄድ የቤቱ መጋረጃ ተገለጠና ሎሳ ወጣች። ትኩሳቱ ከለቀቃት ገና ነው፤ ፊቷ ላይ የሽፍታው ጥቁር ምልክት አለ፤ እየተደገፈች ነው የምትሄደው። አጎትየው «ሎሳ፣ ግቢ፣ ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም» አሏት። አልሰማቻቸውም። መጥታ ምንጣፉን በገዛ እጇ አነሳችው።

ፉአቲኖ ፊቷ በላብና በእንባ ርሶ ቀና አለች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ፣» አለች።

«ይቅርታውን ሹሞቹ ይነጋገሩበት፣» አለች ሎሳ። «እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። የላጊን ስም እየጠሩ ሳቁ ብሎኛል ታቪታ። እውነት ነው?»

ሲኒቫ ከጎኔ ትንፋሿን ዋጠች። ቱይሎማ «እትዬ፣ በቃ፣ ይቅርታሽን ተቀበይና ዝም በይ» ብሎ አንሾካሾከ።

«እውነት ነው፣» አለች ፉአቲኖ። «በላጊ ነው የሳቅነው። በሌላ በማንም አይደለም።»

አሮጊቷ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። አጎትየው ተነሱ። እኔ አበቃልን አልኩ።

«ምን አድርጋ ነው?» አለች ሎሳ።

«እ?»

«ምን አድርጋ ነው ያሳቀቻችሁ? እኔ አጠገቧ አልነበርኩም። ምን ታደርግ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው የለም። ሁሉም ‹አልተሰቃየችም› ይለኛል። እሱን አይደለም የምፈልገው። ምን አደረገች?»

ፉአቲኖ አየቻት፤ መቃብሩን አየች። ጨዋታ በሐዘን ቤት ደጅ፣ ያውም በኢፎጋ ቀን፣ እናቴም አያቴም ሰምተው የማያውቁት ነገር ነው። እሷ ግን ላብ የጠጣ ነጭ ልብሷን ሰብስባ እግሯን ሣሩ ላይ ዘረጋች። ጉንጯን ነፋች። ሎሳን ከራስ እስከ እግሯ መረመረቻት።

ማንም አልሳቀም። አፏን ከፈተች፣ ጠብታውን ያዘች፣ ሐኪሙን ጠበቀች፣ ለቀቀች። መነጽሩን ላሰች። ቱቦውን ነቅላ አዝናለት ወደ ወንድሟ ዘረጋችው። ሎሳ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ታያለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። ፉአቲኖ ጨርሳ አንገቷን ደፋች።

«እንደዚያ አይደለም፣» አለች ሎሳ።

ሲኒቫን አየኋት።

«ላጊ ዝም ብላ አትተፋም። መጀመሪያ ትስቃለች። ጥርሷን ታሳይሻለች። እንዴት ያለች ደህና ልጅ ናት ብለሽ ስታምኛት፣ ያኔ ነው።» «እርስዎ» ማለቱን ረሳች፤ እኔም ፉአቲኖም ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። ሎሳ እየተደገፈች ፉአቲኖ ፊት ተቀመጠች። አጠገቧ ለአበባው የተቀመጠ የውሃ ሳህን ነበር፤ አንድ ጉንጭ ያዘች። «ም» አለች፣ ቅረቢ ማለቷ ነው። ፉአቲኖ እጇን እንደ ነርስ ዘርግታ ቀረበች። የሎሳ ፊት ተሸበሸበ፣ ከጉንጯ እስከ ዓይኗ ሳቀች፣ ያቺን ልጅ አይተዋት የማያውቁት ጭምር አዩዋት። ከዚያ ውሃውን እንዳለ ፉአቲኖ ፊት ላይ ለቀቀችው።

መጀመሪያ የሳቁት ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ናቸው። ከዚያ አንዱ ጎረቤት፣ ከዚያ ቱይሎማ፣ ከዚያ እኛ። ፉአቲኖ ግን አልሳቀችም። ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ጮኻ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ስንት አልጋ ስትወለውል አብሬያት ነበርኩ፣ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ሎሳ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «አይዞሽ፣ ሲስተር፣» አለቻት፣ «አይዞሽ። እኔንም ፊቴ ላይ እንዲህ ነበር የምታደርገኝ።» ሁለቱ ተቃቅፈው እዚያው ሣሩ ላይ ቆዩ።

ታቪታ ከማሳው ተመልሶ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆሞ ኖሯል። ሸክሙን አላወረደም። የቱን ያህል እንዳየ አላውቅም። በእኛ መሀል አልፎ ቤት ገባ፤ ወደ ጓሮም ወጣ።

አጎትየው ምንጣፉን አጥፈው ለቱይሎማ መለሱለት፤ ሹሞቹ በወጉ ተነጋገሩ፤ ቤት አስገብተው ትኩስ ካካዋ አጠጡን። ፉአቲኖ ስኒውን በእጇ እንደያዘች ተቀምጣ አንቀላፋች። ሲኒቫ አጎትየውን ፈቃድ ጠይቃ ሣጥኑን ከመኪናው ስታስመጣ ተሸክማ የመጣችው ሉፔ ናት። ባጇ ደረቷ ላይ ነበር። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

የጎረቤት መጋረጃዎች አንድ ሁለት እያሉ ተጠቀለሉ። ሰው ግን አልቀረበም፤ ሁሉም የታቪታን ቤት ያያል። ፉአቲኖን ቀሰቀስኳት። ተነስታ መርፌውን አዘጋጅታ ምሰሶው አጠገብ ቆመች፤ እኛም ከእሷ ጋር ቆምን።

ታቪታ ከጓሮ መጣ። የላጊን ታላቅ፣ ትንሹን ሴሚን አቅፏል። ልጁ ነጭ ልብሳችንን አይቶ አባቱ አንገት ሥር ተወሸቀ። ታቪታ መጥቶ ፉአቲኖ ፊት ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ የልጁን እጅ ከአንገቱ ላይ አላቅቆ ወደ እሷ ዘረጋው።

«ሲስተር፣» አለ፣ «ይሄኛው አይተፋም። ይናከሳል።»

ፉአቲኖ እጅጌዋን ሰበሰበች።